የዐረቢያው ሎሬንስና ሞተር ቢስክሌቱ

ለዚህ ዓመት መጽሔታችን የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በተመደብሁ ጊዜ ጓደኞቼ ብዙ ስም አቅርበውልኝ ነበር። አብዛኞቹ የመረጡት ሻምበል አበበ ቢቂላን ነው። ልናገርበት ያሰብሁት ነገር የመንገድ አደጋ ስለ ሆነ ምርጫቸው ከጉዳዩ የራቀ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ፥ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ጫማ ተጫምቶ ማራቶንን ያሸነፈው ይህ ጀግና፥ በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. በሌሊት በሚነዳው ቮልስዋገን መኪና ላይ በደረሰ አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ከዚያም በኋላ ተስፋ ሳይቈርጥ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል፤ በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ግን ዐረፈ። ነገር ግን የአበበን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምረን ስንሰማው የኖርን ነን፤ ደግሞም በከተማችንና በአካባቢያችን ዕለት ዕለት የሚያሳስበን ከመኪናው ይልቅ ሞተር ቢስክሌቱ ነው። ስለዚህ በሞተር ቢስክሌት ምክንያት የሞተ፥ ሞቱም ለሌሎች ሰዎች መዳን ምክንያት የሆነ ሌላ ሰው መረጥሁ።

በሀዲያና በከምባታ የሞተር ቢስክሌት ጥቅም ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ፥ ወደ ሾኔ፥ ወደ ሆመቾ ወይም ወደ ጃጁራ ለሚሄድ ሰው መኪና አይጠፋውም። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ገጠር ቀበሌ ለሚገባ ግን፥ ይልቁንም በክረምት ጭቃው ሲበረታ፥ ከሞተር ሌላ ፈጥኖ የሚደርስለት የለም። የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው፥ መምህሩም በሰዓቱ ከትምህርት ቤት የሚገኘው ብዙ ጊዜ በሞተር ነው። ሞተሩም የሚገዛው አንዳንድ ጊዜ መሬት ተሸጦ፥ አንዳንድ ጊዜም ደቡብ አፍሪካ የሄደ ወንድም ለፍቶ በላከው ገንዘብ መሆኑን እናውቃለን። እንግዲህ ሞተሩን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። የሚያሳዝነኝ ይህ በብዙ ድካም የተገኘ ነገር ሦስት ሰው አፈናጦ፥ በዶዮገናና በአንጋጫ ጉም ውስጥ፥ ወይም ተማሪ ከትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት በከተማ መካከል እንደ ጥይት ሲወረወር ማየት ነው። ሄልሜት ያለውም ሰው ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በክንዱ አንጠልጥሎት ወይም ከመሪው ላይ ሰቅሎት ይታያል። ምክንያቱን ስጠይቅ የማገኘው መልስ ሦስት ዓይነት ነው፤ የምሄደው ቅርብ ነው፥ መንገዱን ዐውቀዋለሁ፥ መንዳትም እችልበታለሁ የሚል ነው። አሁን ታሪኩን የምጽፍለት ሰው ሦስቱንም ለማለት ከማናችንም የበለጠ መብት ነበረው።

ቶማስ ኤድዋርድ ሎሬንስ በነሐሴ ወር 1880 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1888) በዌልስ አገር ትሬማዶክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልኝ። ለወላጆቹ ከአምስት ወንዶች ልጆች ሁለተኛው ነበረ። ያደገውና የተማረው በኦክስፎርድ ከተማ ነው። ቁመቱ አጭር፥ ሰውነቱም ቀጭን ሆኖ ሳለ፥ ከልጅነቱ ጀምሮ ሥጋውን በድካም መፈተን ይወድ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ክረምት የድሮ ምሽጎችን ለማየት በእግር ቢስክሌት በፈረንሳይ አገር ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ በሶርያ አገር በመስቀል ጦርነት ዘመን የተሠሩትን ግንቦች እየዞረ ለማጥናት በጽኑ ሙቀት 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሄደ። ከዚያም ትምህርቱን በማዕርግ ፈጽሞ፥ ከ1903 እስከ 1906 ዓ.ም. ድረስ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር በምትገኘው በጥንታዊቱ ካርከሚሽ በቍፋሮ ሥራ ላይ ቈየ። የዐረብን ቋንቋና የሕዝቡን ጠባይ የተማረው በዚያ ከሠራተኞቹ ጋራ አብሮ እየበላና እየዋለ ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በካይሮ ከተማ የመረጃ ክፍል መኰንን ሆኖ ተሾመ። በሰኔ ወር 1908 ዓ.ም. የመካው ሸሪፍ ሑሴን በቱርክ መንግሥት ላይ ባመፁ ጊዜ፥ ሎሬንስ ወደ ልጃቸው ወደ ፈይሰል ተልኮ የእርሳቸው አማካሪ ሆነ። የዐረብ ልብስ ለብሶ፥ በግመል ተቀምጦ፥ ከደማስቆ ወደ መዲና የሚወስደውን የባቡር ሐዲድ በድማሚት ከሚሰብሩት ሰዎች ጋራ በበረሃ ተዋጋ። ከሁሉም የበለጠ ዝና ያተረፈለት በሰኔ መጨረሻ 1909 ዓ.ም. የአቃባ ወደብ መያዝ ነው። የወደቡ መድፎች ወደ ባሕር ዞረው ሲጠብቁ፥ እነ ሎሬንስ ማንም ሰው ባልጠበቀው በኩል በረሃውን አቋርጠው ከኋላ ደረሱ።

በዚያ ዘመቻ የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወደ አቃባ ከመድረሳቸው ጥቂት ቀን በፊት በአቡ ለሰን በተደረገው ውጊያ፥ ግመሎቹ በሙሉ ኀይላቸው ቍልቍለቱን እየጋለቡ ሲወርዱ ሎሬንስ በግመሉ ላይ ሆኖ ሽጉጡን ይተኵስ ነበር። ድንገት ግመሉ ከሥሩ ወደቀና እርሱ በአየር ላይ ተወርውሮ መሬት ላይ ተዘረረ። ውጊያው ካለቀ በኋላ ግመሉን ሲያየው የሞተው ከኋላ በኩል በራሱ ላይ በገባ ጥይት ነው፤ ጥይቱም የሎሬንስ የራሱ ጥይት ነበረ። በፍጥነት ላይ ያለ ሰው እጁ ምን እንደሚሠራ ሁልጊዜ አያውቅም ማለት ነው። ያን ጊዜ እግዚአብሔር አተረፈው።

በመስከረም ወር 1911 ዓ.ም. ደማስቆ ተያዘች። ሎሬንስም የኮሎኔልነት ማዕርግ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ለዐረቦች ተነግሯቸው የነበረው የነጻነት ተስፋ በፓሪስ ጉባኤ እንግሊዝና ፈረንሳይ አገሩን ሲከፋፈሉት ስላየ እጅግ አዘነ። ይህን ሐዘኑን እኛ ኢትዮጵያውያን በቀላሉ የምንረዳው ይመስለኛል፤ ታላላቆቹ መንግሥታት ለእኛም በ1928 ዓ.ም. ምን እንዳደረጉልን ይታወቃል። በዚያው በ1911 ዓ.ም. በግንቦት ወር ወደ ካይሮ ይሄድበት የነበረው አውሮፕላን በሮማ አጠገብ ወድቆ ሁለቱ ነጂዎች ሲሞቱ እርሱ አጥንቱ ተሰብሮ ዳነ። ሞት ሁለት ጊዜ ያለፈው ሰው ሦስተኛ ጊዜ እንደማይነካው ማሰብ ይጀምራል ይባላል፤ ስለ ሎሬንስ ይህ እውነት ይሁን አይሁን እኔ ልፈርድ አልችልም።

ሎዌል ቶማስ የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በለንደን ከተማ ስለ እርሱ ፊልም እያሳየ ንግግር ስላደረገ ስሙ በዓለም ሁሉ ተሰማ። የጦርነቱን ታሪክ የጻፈበት የመጽሐፉ የመጀመሪያው ረቂቅ በባቡር ጣቢያ ጠፍቶበት፥ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሮ ጻፈው። ክብሩንና ሹመቱን ግን አልፈለገም። በነሐሴ ወር 1914 ዓ.ም. ስሙን ለውጦ በእንግሊዝ አየር ኃይል ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። ጋዜጦች ማንነቱን ስለ ገለጡበት ከዚያ ቢባረርም፥ በ1915 ዓ.ም. ሾው በሚል ስም በቦቪንግተን ሰፈር በታንክ ክፍል ገባ፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አየር ኃይል ተመለሰ። ኮሎኔል የነበረ ሰው ወለል ሲጠርግና ለአሥር አለቃ ሰላምታ ሲሰጥ ኖረ። አንዳንዶች ይህን ትሕትና ይሉታል። እኔ ግን ከሰው ዓይን ለመሸሽ የነበረው ፍላጎት ከትሕትናው የሚበልጥ ይመስለኛል። በነገራችን ላይ፥ በ1933 ዓ.ም. ጃንሆይ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የጌዴዎንን ጦር የመራው ዊንጌት፥ ማለት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት በስሙ የተሠየመለት ጄኔራል፥ የሎሬንስ የሩቅ ዘመድ ነበረ።

በዚያ በተራ ወታደርነት ኑሮው ሎሬንስ ከመጻሕፍትና ከሙዚቃ ቀጥሎ የሚወደው ሞተር ቢስክሌት ሆነ። ብሮው ሱፒሪየር የተባለውንና በዘመኑ ወደር ያልነበረውን ሞተር በየጊዜው እየለዋወጠ ሰባት ገዛ። ሠሪው ጆርጅ ብሮው በኖቲንግሃም ከተማ ይሠራው የነበረው ይህ ሞተር፥ አንዱ ዓይነቱ ከፋብሪካው ከመውጣቱ በፊት በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር መሮጡ ተረጋግጦ የሚሸጥ ነበረ። ሎሬንስ ሞተሩን ቦአኔርጌስ ብሎ ሰየመው፤ ይኸውም በማርቆስ ወንጌል ጌታችን ለያዕቆብና ለዮሐንስ የሰጣቸው፥ የነጐድጓድ ልጆች ማለት የሆነው ስም ነው። በክራንዌል የአየር ኃይል ትምህርት ቤት ሳለ ከአንድ አውሮፕላን ጋራ በሞተሩ እንደ ተሽቀዳደመ ራሱ ጽፏል። ለእርሱ ፍጥነት ጭንቀትን ማስረሻ ነበር። በመጨረሻዎቹ የአገልግሎት ዓመታቱም በባሕር ላይ የወደቁ አውሮፕላን ነጂዎችን የሚያድኑ ፈጣን ጀልባዎች በሚሠሩበት ሥራ ላይ ተሰማርቶ ብዙ ረድቷል፤ በዚህ በኩል ፍጥነትን ሕይወት ለማዳን አዋለው ማለት ይቻላል።

በየካቲት ወር 1927 ዓ.ም. አገልግሎቱን ፈጽሞ ዶርሴት በምትባለው አውራጃ፥ ከቦቪንግተን የጦር ሰፈር ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ ትንሽ ጎጆ መኖር ጀመረ። ዕድሜው 46 ዓመት ነበር። ግንቦት 5 ቀን ጧት፥ በማግሥቱ ለምሳ ለሚጠብቀው ወዳጁ ቴሌግራም ለመላክ በሞተሩ ወደ ሰፈሩ ፖስታ ቤት ሄደ። ቴሌግራሙን ልኮ ሲመለስ፥ ከቤቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መንገዱ ጐድጐድ ብሎ እንደገና ወጣ ይላል። ከጐድጓዳው ውስጥ ሁለት ልጆች በእግር ቢስክሌት ይሄዱ ነበር፤ ልጆቹም የሞተሩን ድምፅ ከኋላቸው ሲሰሙ አንዱ ከአንዱ በስተኋላ ሆኑ። ሎሬንስ ያያቸው እጅግ ከቀረበ በኋላ ነው። እነርሱን ለማዳን መሪውን ጠመዘዘ፤ ይሁን እንጂ የአንደኛውን ቢስክሌት ነካው፥ እርሱም ከሞተሩ ላይ በመሪው አልፎ ተወርውሮ በራሱ ወደቀ። በራሱ ላይ ሄልሜት አልነበረም። ስድስት ቀን ሙሉ ራሱን ሳያውቅ በጦር ሰፈሩ ሆስፒታል ተኝቶ ግንቦት 11 ቀን 1927 ዓ.ም. ሞተ። ሁለቱ ልጆች ግን ተርፈዋል። ከሁለት ቀን በኋላ በሞርተን ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ዊንስተን ቸርችል ከቀባሪዎቹ መካከል ነበረ። በ1955 ዓ.ም. ስለ እርሱ የወጣውም ታላቅ ፊልም የሚጀምረው ከዚሁ አደጋ ነው።

ምን ያህል ይሮጥ ነበር? በሞቱ ምርመራ ላይ የመሰከረ አንድ ወታደር በሰዓት ከ80 እስከ 96 ኪሎ ሜትር ገምቶታል፤ ይኸው ሰው በዚያ ሰዓት አንድ ጥቍር መኪና አይቻለሁ ቢልም ልጆቹ አላየንም ብለዋል። ሞተሩ ሲታይ ግን የተገኘው በሁለተኛ ማርሽ ነው፤ በሁለተኛ ማርሽ ደግሞ ከ60 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ለእኔ የሚያስደነግጠኝ ትንሹ ቍጥር ነው። 160 ይሮጥ በነበረ ሞተር ላይ 60 ማለት እርምጃ ነው። የሄደው ቅርብ ነበረ፤ መንገዱ የሚያውቀው፥ ወደ ገዛ ቤቱ የሚወስደው ነበረ፤ ሞተሩን የሠራለት ብሮውም ካያቸው ነጂዎች ሁሉ እጅግ ጥሩ ከሆኑት አንዱ እርሱ እንደ ነበረ መስክሮለታል። የእኛ ሦስቱ መልሶች ሁሉ በአንድ ላይ ነበሩት።

የፊዚክስ ትምህርታችን ነገሩን በግልጽ ያሳየናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሴኮንድ 16 ሜትር ከ70 ያህል ያልፋል፤ ይህም ዓይኑ አደጋውን አይቶ እጁ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ያለፈው ርቀት ነው እንጂ ሞተሩ ገና መቀዝቀዝ አልጀመረም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚሸከመው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሌላ አነጋገር በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከግንብ ጋራ መጋጨት ከ3 ሜትር ተኩል ከፍታ እንደ መውደቅ ነው፤ በ60 ከ14 ሜትር፥ በ90 ደግሞ ከ32 ሜትር ያህል ከፍታ እንደ መውደቅ ይቈጠራል። በሆሳዕና ከተማ አራት ፎቅ ካለው ሕንጻ ጣሪያ ላይ ለመዝለል የሚደፍር የክፍል ጓደኛ የለኝም። ከኋላ ሁለት ሰው በተፈናጠጠ ጊዜ ደግሞ ክብደቱ ስለሚጨምር ሞተሩን ለማቆም የሚፈለገው ርቀት ይረዝማል፤ በጠጠርና በጭቃ ላይም ጎማው መሬቱን አይቈነጥጥም። ጐድጓዳውና ኵርባው፥ የቆጮ ሸክም ያዘለች እናት፥ አህያ የሚነዳ ልጅ፥ እነዚህ ሁሉ በእኛ መንገድ ላይ እንደነዚያ ሁለት ልጆች ሳይታሰቡ ብቅ የሚሉ ናቸው።

አሁን ወደ ሌላው ሰው እመጣለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ እርሱ ነው። ሎሬንስ ራሱን ሳያውቅ በተኛበት ጊዜ ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ ይባላል። በአውስትራሊያ አገር የተወለደ፥ በኋላም በኦክስፎርድ ያስተማረ፥ የአንጐል ቀዶ ሕክምና ሊቅ ነበረ። ለሎሬንስ ምንም ሊያደርግለት አልቻለም። ሥጋው ጤነኛ የሆነ ሰው በራሱ ላይ በደረሰ ጕዳት ብቻ ሲሞት ማየቱ ግን ከልቡ አልወጣም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር መልእክት የሚያደርሱ ወታደሮች በሞተር ቢስክሌት ይሮጡ ነበር፤ ሌሊትም መብራት ማብራት ስለ ተከለከለ ብዙዎች ይሞቱ ጀመር። ኬርንስ ቍጥሩን ሰበሰበ። በጦርነቱ በመጀመሪያዎቹ 21 ወራት በእንግሊዝ አገር 2,279 ሞተረኞችና ተፈናጣጮች ሞተው ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት በነበሩት 21 ወራት ግን የሞቱት 1,884 ነበሩ። ከሚሞቱት ከሦስቱ ሁለቱ የሚሞቱት በራስ ጕዳት መሆኑን አሳየ። ሄልሜት አድርገው ተጋጭተው ወደ ሐኪም ከመጡት መካከል ያገኘው ሰባት ሰው ብቻ ነበረ፤ ሰባቱም ድነዋል። ሰባት ሰው ለማስረጃ ጥቂት ነው የሚል ቢኖር፥ ኬርንስ ራሱም ያውቀው ስለ ነበር በዚያ አልቆመም።

ጽሑፉ በመስከረም ወር 1934 ዓ.ም. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ወጣ። በኅዳር ወር የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት ሞተር ቢስክሌት የሚነዱ ወታደሮቹ ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። ኬርንስ ከዚያ በኋላ ዓመት በዓመት እየተከታተለ ሲቈጥር የሟቾቹ ብዛት እየቀነሰ መሄዱን አገኘ፤ ውጤቱንም በ1938 ዓ.ም. አሳተመ። እርሱ በ1944 ዓ.ም. ሞተ። በእንግሊዝ አገር ለሰላማዊ ሰው ሁሉ ሄልሜት ማድረግ ግዴታ የሆነው በ1965 ዓ.ም. ነው፤ ማለት ሎሬንስ ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ። ሕግ ዘገምተኛ ነው። ዛሬ የዓለም ሊቃውንት በብዙ አገር የተደረጉትን ጥናቶች አንድ ላይ መርምረው፥ ሄልሜት በራስ ላይ የሚደርሰውን ጕዳት ከመቶ 69 ያህል፥ ሞትን ደግሞ ከመቶ 42 ያህል እንደሚቀንስ አስታውቀዋል።

ስለ ሄልሜቱ አሠራር ጥቂት ልጨምር፤ አንዳንድ ጓደኞቼ ለንፋስና ለአቧራ ብቻ የተሠራ ይመስላቸዋልና። ከውጭ ያለው ጠንካራ ቅርፊት የምቱን ኀይል በሰፊው ይበትነዋል። ከውስጡ ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር ተጨምቆ እየተሰበረ ራስ የሚቆምበትን ጊዜ ያራዝማል፤ ጊዜው በጥቂት ሺኛ ሴኮንድ እንኳ ሲረዝም አንጐል የሚደርስበት ግፊት ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በኀይል የተመታ ሄልሜት ላዩ ደኅና ቢመስልም ውስጡ ሥራውን ፈጽሟልና ሌላ መለወጥ ያስፈልጋል፤ በገበያ ላይ አሮጌ ሄልሜት በርካሽ የሚገዛ ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው። በራስ ላይ ሲሰፋም አያገለግልም። ከአገጭ ሥር ያለው ማሰሪያ ካልተቈለፈ፥ ሰውየው መሬት ሳይነካ በፊት ሄልሜቱ ቀድሞት ይሄዳል። ለተፈናጣጩም እንዲሁ ነው፤ ከኬርንስ ቍጥር ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩትም አብረው ተቈጥረዋል። እናትና አባት ልጃቸውን በሞተር ወደ ትምህርት ቤት ሲልኩ ከነጂው ጋራ የሚስማሙት በዋጋው ብቻ ነው፤ ለልጁ የሚሆን ሄልሜት አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልሰማሁም።